ጨዋታ ሠርቶ ስለ መማር

በቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ልጆች በደጅ የሚጫወቱት ነው፤ ኳሱም፣ ገበጣውም፣ ድብብቆሹም በዚህ ስም ይጠራል። ሁለተኛው ዐዋቂዎች ቡና ከበው ቃል የሚለዋወጡበት ነው፤ «እስቲ አጫውቱን» የተባለ እንግዳ ኳስ ፍለጋ አይነሣም። ይህን ያህል የተከበረው ቃል ግን ከትምህርት ቤት በር ሲደርስ ወዲያው ማዕርጉን ይገፈፋል። በክፍል ውስጥ ሲጫወት የተገኘ ተማሪ ይቀጣል፤ በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ካርታ ሲጫወት የተያዘ ሠራተኛም ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ስለዚህ እኛ በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ በተባለው ሰፈር ልጆች ጨዋታ እየሠሩ ኮምፒዩተርን ማዘዝ እንዲማሩ እናደርጋለን ስንል፣ የሚሰማን ሰው በመጀመሪያ ፈገግ ቢል፣ ቀጥሎም ቅር ቢለው አንፈርድበትም። ለዚህ ቅሬታ የሚገባውን መልስ ለመስጠት በማሰብ ይህን ጽሑፍ ለአንባብያን አቅርበናል። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ ራሳችን ብዙ የምንለው የለንም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ የያዝን፣ ዕድሜያችን ከሠላሳ ዓመት ያለፈ፣ ኮምፒዩተርንም ከሥራ ሰዓት በኋላ ማታ ማታ ራሳችንን ያስተማርን ነን። ቅዳሜ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በሚገኝ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊዎች ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ 14 ልጆች እንቀበላለን። ታናሹ 9 ዓመቱ፣ ታላቁ 13 ዓመቱ ነው። የክፍሏን ኪራይ ከሁለት ባልደረቦቻችን ጋር እያዋጣን እንከፍላለን። ኮምፒዩተሮቹ 6 ናቸው፤ ሁሉም አገልግለው አርጅተው በጨረታ የተሸጡ ስለ ሆኑ ሲነሡ እንደ ሽማግሌ ያቃስታሉ። ከታች የስፌት መኪናው ከላይ የልጆቹ ጫጫታ ሲገናኝ ማን ማንን እንደሚያውክ ለመወሰን ያስቸግራል።

ፒያሳ ማለት በጣልያንኛ አደባባይ ማለት መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ሆኖም ሐዋሳ ጣልያን በ1941 ተሸንፎ ከወጣ ሃያ ዓመት ያህል ቆይታ የተቆረቆረች ከተማ ናትና፣ ስሙን እዚህ የተከለው ጣልያን ሳይሆን የአዲስ አበባውን ፒያሳ የሚያውቅ የሀገር ሰው ሳይሆን አይቀርም። ይህን የምናነሣው ልጆቹ «የምንሠራበት ነገር ከውጭ የመጣ ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁን በመስኮቱ በኩል መንገዱን እያሳየን የምንሰጠው መልስ ስለ ሆነ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። ኮምፒዩተርን የሚያዝ ሰው ትእዛዙን መስመር በመስመር ይጽፋል፤ ይህም ኮድ ይባላል። ባለሙያው ዛሬም የሚሠራው እንዲሁ ነው። አንዲት ቅንፍ ወይም አንዲት ነጥብ ብትጎድል ግን ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ ጀማሪውም ገና ሐሳቡን ሳይጀምር በነጥብና በቅንፍ ተሸንፎ ይነሣል። ይህን መከራ ለማቅለል ትእዛዞቹ አስቀድመው ተጽፈው በልዩ ልዩ ቀለም ቁራጭ ቁራጭ ሆነው ተዘጋጁ። ልጁ ቁራጩን ከዳር አንሥቶ በሌላው ሥር ይሰካዋል። ጥርስና ጎድጎድ ስላላቸው የሚገጥመው ይገጥማል፤ የማይገጥመው እንቢ ይላል። እንቅስቃሴ የሚያዝዙት ሰማያዊ፣ መልክ የሚለውጡት ሐምራዊ፣ ሥራ የሚያስጀምሩት ቢጫ፣ የሚደጋግሙና የሚያመዛዝኑት ብርቱካንማ፣ ሒሳብ የሚሠሩት አረንጓዴ ናቸው። ቁራጮቹ ብሎክ ይባላሉ። አንዲት እናት ስለዚህ ነገር ስንነግራቸው ብሎኬት የሰሙ መስሏቸው «ለሕፃን ልጅ ሲሚንቶ አይከብድም ወይ?» ብለው ጠይቀውናል።

ከእነዚህ መካከል በዓለም ላይ እጅግ የታወቀውና እኛም የምንጠቀምበት ስክራች የተባለው ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚቸል ሬዝኒክ መሪነት ተዘጋጅቶ በ2007 ለሕዝብ ወጣ። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። በ1967 ሲሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰለሞንና ዋሊ ፎይርዛይግ ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒዩተር ቋንቋ ሠርተው ነበር፤ ልጁ አንዲት ኤሊ ወደ ፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ እያለ በማዘዝ ሥዕል ያሥላት ነበር። ፓፐርት በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ በ1928 የተወለደ የአህጉራችን ልጅ መሆኑን ስንናገር ተማሪዎቻችን ቀና ይላሉ። ስክራች በነፃ የሚገኝ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከሚናገራቸው ብዙ ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። ለእኛ ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጥብናል። በክፍላችን ያሉት ልጆች በቤታቸው ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛም የሚናገሩ ናቸው፤ በመካከላቸው የሚግባቡበት ግን አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ገና ከአንደበታቸው አልተዋሐደም።

ፕሮግራሙ ሲከፈት በነጩ መድረክ ላይ አንዲት ብርቱካንማ ድመት ቆማ ትገኛለች። እኛ ድመቷን አሰናብተን በቦታዋ አባ ኮዳን አቆምን። ሐዋሳን ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳዋል። በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲያጸዱ፣ እነዚያ ራሰ በራ ረጃጅም ወፎች ልክ ጉዳይ ለማስፈጸም እንደ መጣ ባለጉዳይ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ መስለው ከሰው እግር ሥር ይቆማሉ። ልጆቹ በየሳምንቱ የሚያዩት ፍጥረት ስለ ሆነ ሥዕሉን በራሳቸው እጅ ሣሉት። የመጀመሪያው ጨዋታችንም ይህ ነው፤ ዓሣ ከላይ ይወድቃል፣ አባ ኮዳ በቀስት ቁልፎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሄደ ይቀልባል፣ ለቀለበው ዓሣ ሁሉ አንድ ነጥብ ያገኛል።

እያንዳንዱን ትእዛዝ ከመሰካቱ በፊት ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ እንዲናገረው እናደርጋለን። በዚህ ጊዜ ያላሰብነው ክርክር ተነሣ። በአማርኛ ወንድን «ሂድ»፣ ሴትን «ሂጂ» እንላለን እንጂ ለሁለቱም የሚሆን የነጠላ ትእዛዝ የለንም። አባ ኮዳ «አባ» ተብሏልና ወንድ ነው ተብሎ በአንድ ድምፅ አለፈ። ዓሣውስ? ወንዶቹ «ውደቅ» ሲሉ ሴቶቹ «ውደቂ» አሉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ተሟገቱ። አንድ ትንሽ ልጅ «ለዓሣው ምን ለውጥ ያመጣለታል፣ መበላቱ አይቀርም» ብሎ ክርክሩን ዘጋው።

ዓሣው ከየት እንደሚወድቅ ለመናገር ደግሞ የቦታ ቁጥር ያስፈልጋል። መድረኩ 480 ነጥብ ስፋት፣ 360 ነጥብ ቁመት አለው፤ መካከሉ ዜሮ ስለ ሆነ የቀኙ ዳር 240፣ የግራው ዳር ከዜሮ በታች 240 ነው። «ከዜሮ በታች ደግሞ ቁጥር አለ ወይ፣ ጋሼ?» ተባልን። የሐይቁን ፊት ዜሮ አድርገን፣ ከላይ የሚበርረውን አሞራ፣ ከታች የሚዋኘውን አምባዛ አሳየን። ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፈን ብናስተምር ኖሮ ምናልባት ለፈተና ያህል ይዘውት ይቀሩ ነበር። አሁን ግን ቁጥሩን የፈለጉት ራሳቸው ናቸው፤ ያለዚያ ዓሣቸው ከመድረኩ መካከል እየተፈጠረ ከአባ ኮዳ ራስ ላይ ይወድቅባቸዋልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ አይሠራም። ይህ በሁሉም ላይ ይደርሳል። በአብዛኛው የሚያጋጥመው ጕድለት አንድ ነው፤ ልጁ «ዓሣው አባ ኮዳን ከነካ፣ ነጥብ ጨምር» የሚለውን ትእዛዝ በትክክል ይሠራና «ሁልጊዜ ደጋግም» ከሚለው ብርቱካንማ ቅንፍ ውጭ ያኖረዋል። አረንጓዴዋ ባንዲራ ስትነካ ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜ ብቻ ዓሣው አባ ኮዳን መንካቱን ይመለከታል፤ ገና አልነካም፤ ስለዚህ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መቶ ዓሣ ቢቀለብ የሚያይ የለም። ልጆቹ «ኮምፒዩተሩ አይሰማም!» ብለው ይጮኻሉ። እኛም ጧት በሩን ከፍቶ «የሚገባ ሰው አለ?» ብሎ አንድ ጊዜ ጠይቆ፣ ማንም ስላልመለሰለት ወደ ቤቱ የሄደ ዘበኛ ተረት እንነግራቸዋለን። ዘበኛው የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ቀኑን ሙሉ ጠብቅ ያለው ግን የለም።

ሁለተኛው ጕድለት በመጀመሪያ ደስታን ያመጣል። ትእዛዙ በቅንፉ ውስጥ ሲገባ ኮምፒዩተሩ በአንድ ሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል እየተመላለሰ ስለሚመለከት፣ ዓሣው አባ ኮዳን ለግማሽ ሴኮንድ ቢነካ 15 ነጥብ ይቈጠራል። ልጆቹ በአንድ ዓሣ 15 ነጥብ በማግኘታቸው ጨፈሩ። እኛ ምንም አላልንም። ሦስት አራት ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ ግን ሁሉም ሰው ሁልጊዜ አሸናፊ የሚሆንበት ጨዋታ ሰለቻቸውና «ይሄ ልክ አይደለም» አሉ። አንዲት ልጅ ብዙ ካሰበች በኋላ ዓሣው እንደ ነካ ነጥብ ጨምሮ ወዲያውኑ ወደ ላይ እንዲመለስ አዘዘችው፤ በሁለተኛው መመልከት ጊዜ ዓሣው በስፍራው የለምና አንድ ብቻ ተቈጠረ። የተሰጣትን የሒሳብ መልመጃ እንዲህ አስባበት እንደማታውቅ ከእናቷ ሰምተናል።

ይህን በተመለከትን ጊዜ ሐሳባችን ወደ መሥሪያ ቤታችን መሄዱ አልቀረም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ትእዛዝ በመጻፍና በመቀበል የምንኖር ሰዎች ነን። «ጉዳዩ አግባብ ባለው መንገድ ታይቶ በአስቸኳይ ይፈጸም» የሚል ደብዳቤ በየቀኑ በእጃችን ያልፋል። ከብሎኮቹ መካከል «አግባብ ባለው መንገድ» የሚል ፈልገን አላገኘንም። መብራት ሲጠፋ፣ ይህም በወር ጥቂት ቅዳሜ ይደርሳል፣ ቁራጮቹን ከካርቶን ቈርጠን እናወጣና አንዱን ልጅ ኮምፒዩተር አድርገን እናቆመዋለን፤ ሌሎቹ በካርቶኑ እያዘዙ ከመስኮቱ ወደ በሩ ያደርሱታል። ኮምፒዩተር የሆነው ልጅ የተባለውን ብቻ ማድረግ አለበት። «ዐሥር እርምጃ ሂድ» ብለው ወንበሩን ከረሱ ወንበሩ ላይ ይወጣል። ይህን ጨዋታ መምሪያ ለሚያረቅቁ ሹማምንት ለአንድ ጧት ብናቀርብላቸው ብለን ተመኝተናል፤ ምኞቱን ግን ከባልደረቦቻችን አላሳለፍነውም።

የ13 ዓመቱ ልጅ ገበጣን በኮምፒዩተር እሠራለሁ ብሎ ተነሥቶ ነበር። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የተጫወተውን ጨዋታ ሕጉን ተናገር ሲባል ግን ቃል ጠፋው። እጁ ያውቃል፤ አፉ አያውቅም። አያቱን ጠይቆ መጣ፤ ጎረቤቱ ሌላ ሕግ ነገሩት። ይህ ሥራ ዛሬም በእጁ ነው፤ ለጀማሪ ከባድ ስለ ሆነ አላስቸኰልነውም።

በልጆቹ ላይ ከታየው ለውጥ ሁሉ እኛን ያስደነቀን የጕድለት አቀባበላቸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨዋታው ሲቆም ልጁ መስኮቱን በእጁ ይሸፍን ነበር፤ ጓደኞቹ እንዳያዩበት። ከሁለት ወር በኋላ ግን ያው ልጅ «ኑ፣ እዩት፣ አባ ኮዳዬ ሐይቅ ገባ!» እያለ ይጠራል። ኮምፒዩተሩ አይሳደብም፣ ቀይ እርማት አያደርግም፣ ከማን አንሰህ አይልም፤ የታዘዘውን አድርጎ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የመጠበቅን ዋጋ እኛ እናውቃለን። በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት የእኛ ዘመን ትምህርት ነበረ። መስታወቱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሴኮንድ ዝም ይላል፤ መልሱን ራሱ ይመልሳል። በእውነቱ ቤተ ሙከራ በሌለበት ገጠር የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይን ያሳየ እርሱ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን እጃችንን ብናወጣ የሚያየን አልነበረም፤ መብራት ከሄደም ትምህርቱ ከመብራቱ ጋር ይሄድ ነበር። ከዚያ ዘመን ተማሪዎች ብዙዎቻችን ያልገባንን ነገር እንደገባን አድርጎ ፊትን ማሳመር ተማርን፤ ይህም ትምህርት በሥራ ዓለም ብዙ ጊዜ አገልግሎናል።

አንድ የቅርብ ወዳጃችን፣ እርሱም በትምህርት ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፣ «ጨዋታውን ተዉና የጽሕፈትና የሒሳብ ሠንጠረዥ ሥራ አስተምሯቸው፤ ወረቀትም ስጧቸው» ብሎናል። ቃሉን አንንቅም፤ ፈጥኖ መጻፍ እንጀራ ይሆናል፤ ለእኛም ሆኖናል። መንግሥትም በ2024 ሐምሌ ወር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮችን ለማፍራት የሦስት ዓመት ዕቅድ ይዞ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ከፍቷል፤ ከእኛ መሥሪያ ቤት ባልደረቦችም ተምረው የምስክር ወረቀት ያገኙ አሉ። ነገር ግን ያ ትምህርት እንግሊዝኛ ለሚያነብብና ኢንተርኔት ላለው ዐዋቂ የተዘጋጀ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ወደዚያ የሚደርስበት ደረጃ ከታች መሠራት አለበት። ወረቀቱንም በሚመለከት፣ ልጁ ስለ ወረቀቱ ብሎ የተማረውን ወረቀቱን ባገኘ ማግሥት ሲረሳው በራሳችን ትውልድ አይተናል፤ አባ ኮዳው አልቀልብ ያለው ልጅ ግን ሌሊቱን ሲያስበው አድሮ ቅዳሜ ጧት ከእኛ ቀድሞ በር ላይ ቆሞ ይገኛል።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «ዕቃውን ስጡና ልቀቋቸው፤ አስተማሪ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ለዚህም በ2012 በሀገራችን የተደረገውን ያነሣሉ። በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች አንድ የውጭ ድርጅት በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ታብሌቶችን በሳጥን አድርጎ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ሰጠ። የላኩት ሰዎች እንደ ተናገሩት፣ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ሳጥኑን ከፈቱ፣ ማብሪያውን አገኙ፣ በጥቂት ወራትም ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ እስከ መክፈት ደረሱ። በዚህ እኛም ኮርተናል። ይሁን እንጂ የተዘጋ ነገር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ የሌለውን ነገር መሥራት ሌላ ነው። ያንን ከቅንፍ ውጭ የቀረ ትእዛዝ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሲፈልጉ የነበሩት ልጆች፣ የዘበኛውን ተረት የሚነግራቸው ሰው ባይኖር ሦስተኛውን ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ያሳልፉት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ክርክር ይልቅ ያስጨነቀን ግን የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። እኒህ ሴት በፒያሳ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ይሸጣሉ። የ11 ዓመት ልጃቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ የምትመጣ ናት፤ ያ የ15 ነጥብ ጕድለት መፍትሔ ያገኘው በእርሷ ነው። አንድ ቀን ከደረጃው ሥር ጠብቀው አነጋገሩን።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቅዳሜ ዋና የሥራ ቀኔ ነው። ውኃ የምታመላልስልኝ፣ ስኒ የምታጥብልኝ እሷ ናት። እሷ ከሌለች ሰው እቀጥራለሁ፤ የምቀጥርበትም የለኝ። ይኼ ጨዋታ ነገ ምን ይሆናታል?»

«እትዬ፣ ሥራ ያስገኝላታል ብለን ልንዋሽዎ አንችልም» አልናቸው። «የሚያስገኝላት እንደ ሆነ ገና አናውቅም። ማሰብ ግን እየተማረች ነው።»

«ማሰቡንስ ከእኔም ትማረዋለች» ብለው ዝም አሉ። እውነትም ነው። መልስ ሳናገኝ ተለያየን። ልጅቱም ሁለት ቅዳሜ ቀረች።

በሦስተኛው ቅዳሜ መጣች፤ የመጣችውም ሐሳብ ይዛ ነው። የአባ ኮዳውን ጨዋታ ትታ ቡና የሚፈላበት ጨዋታ ልትሠራ ተነሣች። ጥቁር ጀበና፣ ረከቦት፣ ስኒዎችና አንድ በአንድ እየመጡ የሚቀመጡ እንግዶችን ሣለች። አቦል፣ ቶናና በረካ ሦስት ስለ ሆኑ «3 ጊዜ ደጋግም» የሚለውን ቅንፍ ማንም ሳይነግራት ወሰደች። በጀበናው ያለውን የቡና መጠን የሚቈጥር ቁጥርም አበጀች፤ አንድ ስኒ ሲቀዳ አንድ ይቀንሳል። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀባት፤ በዚህ ጊዜ እኛ የረዳናት ጥቂት ነው።

በአንዱ ቀን እናቷ ሊወስዷት ወደ ክፍሉ ወጥተው ከኋላዋ ቆመው ተመለከቱ። ማንበብ አይችሉም፤ ሥዕሉን ግን ወዲያው ዐወቁት። ጥቂት ካዩ በኋላ፣

«ምነው ልጄ፣ ሳይሰክን ትቀጂዋለሽ እንዴ? አተላ ልታጠጫቸው ነው?» አሉ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸውና ከብርቱካንማዎቹ መካከል «ጠብቅ» የሚለውን ቁራጭ አንሥታ ከመቅዳቱ በፊት ሰካችው፤ 3 ሴኮንድም ሰጠችው። ጨዋታው እንደገና ተጀመረ። አቦሉ በሰላም ዐለፈ። በቶናው ላይ ግን ጀበናው ባዶ ሆነና ቁጥሩ ከዜሮ በታች ወረደ፤ እንግዶቹም ከሌለ ቡና ይጠጡ ጀመር።

«ውኃ መቼ ጨመርሽበት? ለቶናው ሌላ ውኃ ይጨመራል፤ ለበረካውም ይጨመራል። አንዴ ብቻ ሞልተሽ ሦስቱን ልታወጪ ነው?»

ውኃ የሚጨምረው ትእዛዝ ከድግግሞሹ ቅንፍ ውጭ ነበር። የዘበኛው ነገር እንደገና መጣ። እኛ ቀደም ብለን አይተነው ልጅቱ እስክታገኘው ድረስ ዝም ብለን ነበር፤ እናቷ ግን በአንድ እይታ አገኙት፤ ለምን እንደ ተበላሸም ከእኛ በተሻለ ቋንቋ ተናገሩ። በዙሪያ የቆሙት ልጆች «እማማ ዐወቁት!» እያሉ ጮኹ። እርሳቸው አልሳቁም። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«ደግሞ» አሉ ጥቂት ቆይተው፣ «እነዚህ ሰዎች ሁሉ እየጠጡ ይነሣሉ። ከፋዩ የታለ? በዱቤ የሚጠጣውስ?»

የዱቤውን ነገር ማንም አላሰበበትም ነበር። ልጅቱ ለእያንዳንዱ እንግዳ ዕዳ የሚይዝ ቁጥር ለማበጀት ጀመረች። እናቷ በቃላቸው የሚይዟቸውን ባለ ዱቤዎች ስም ያለ መጥራት፣ ይህኛው በሳምንት ይከፍላል፣ ያኛው ደመወዝ ሲቀበል፣ ሌላው ደግሞ ሲያስታውሱት ብቻ እያሉ ዐይነት በዐይነት ነገሯት። እርሷም «ከሆነ» እና «ካልሆነ» የሚሉትን ቁራጮች እያነሣች ትሰካ ነበር። ከ6 ሰዓት ዐልፎ 7 ሰዓት ሆነ፤ ልብስ ሰፊዎቹም ለምሳ ዘጉ። መንገድ ዳር ያለውን ጀበና ማን እንደሚጠብቀው ብንጠይቃቸው ለጎረቤት መስጠታቸውን ነገሩን።

ይህ ከሆነ በኋላ ጥያቄያቸውን አላነሡትም ማለት ግን አይደለም። በወጡ ጊዜ በደረጃው ላይ እንዲህ አሉን፤ «በየሳምንቱ አልችልም። በዐሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ትምጣ፤ እስከ 5 ሰዓት። ክረምት ሲገባ ደግሞ እናያለን።» እኛም የቀረችባቸውን ቅዳሜዎች ሥራ በደብተር እየጻፍን ልንሰጣት ተስማማን። የስኒውንም ዋጋ ቢሆን ከፍለን እንጠጣለን እንጂ በዱቤ እንደማንጠጣ አረጋገጥንላቸው፤ በዚህ ጊዜ ሳቁ።

የዱቤው ክፍል እስከ ዛሬ አላለቀም። ዕዳው በትክክል ይወጣል፤ ሰውየው ከፍሎ ሲነሣ ግን አይወርድም፤ በሚቀጥለው ቀን ከነሙሉ ዕዳው ይመጣል። ምክንያቱን እኛ ዐውቀነዋል፤ ልጅቱ ገና ናት። የፊታችን ቅዳሜ ተራዋ ስለ ሆነ ከዚያ ትጀምራለች።